በብርሃን የምትሠራ ሰዓት ስትቆም መጀመሪያ መስኮት፣ ከዚያ ሰዓት ሠሪ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ሁሉ ስለ አንዲት ዕቃ ናቸው፦ ሲቲዝን የተባለው የጃፓን ኩባንያ ስለሚሠራት፣ ኢኮ-ድራይቭ ስለምትባለው በብርሃን የምትሞላ የሴቶች የእጅ ሰዓት። ከውጭ አገር በስጦታ ስትመጣ መመሪያዋ ብዙ ጊዜ ከሳጥኗ ጋር ይጣላል፤ ጥያቄው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ጥያቄ ከሐዋሳ፦ ልጄ ከአሜሪካ የላከችልኝን ኢኮ-ድራይቭ ሰዓት የማደርጋት ለበዓል ብቻ ስለሆነ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው የምትቀመጠው። ሰሞኑን ሳወጣት ሰከንድ ቆጣሪዋ ሁለት ሁለት ሰከንድ እየዘለለች ትሄዳለች። ሰዓት ሠሪው “ባትሪዋ አልቋል፣ ልቀይርልሽ” አለኝ። ልጄ ደግሞ ይህች ሰዓት ባትሪ አያስፈልጋትም ትላለች። ማንን ልመን?

መልስ፦ ሰዓት ሠሪውን ለጊዜው ያቆዩት። ሰዓትዎ አልተበላሸችም፤ ብርሃን አጥታ ነው።

ልጅዎ “ባትሪ አያስፈልጋትም” ያለችው ባትሪ በየጊዜው አይቀየርላትም ለማለት ከሆነ ልክ ናት። ውስጧ ግን ባትሪ አለ፤ እንደ ስልክ ባትሪ እየተሞላ የሚሠራ፣ በትንንሾቹ የሴት ሰዓቶች ውስጥ ብዙ ጊዜ 6.8 ሚሊ ሜትር ስፋትና 2.1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ብቻ ያለው ክብ ባትሪ ነው። ቁጥሮቹ ካሉበት የሰዓቷ ፊት ሥር ከሲሊከን የተሠራ ስስ የብርሃን ገበታ ተዘርግቷል። ፊቷ ስናየው ድፍን ይመስላል እንጂ ብርሃን ያሳልፋል። ገበታው ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል፣ ኤሌክትሪኩ ባትሪውን ይሞላል፣ ባትሪው በሰከንድ 32,768 ጊዜ የምትርገበገበውን የኳርትዝ ድንጋይ ያንቀሳቅሳል። ያንን ርግብግቢት የሚቆጥረው ቺፕ በየሰከንዱ ለሞተሯ አንድ ግፊት ይሰጣል፤ ሰከንድ ቆጣሪዋ አንድ እርምጃ ትሄዳለች።

የባትሪው ኃይል ሲወርድ ቺፑ ሆን ብሎ ሁለቱን ግፊት አከታትሎ በየሁለት ሰከንዱ ይሰጣል። ማስጠንቀቂያው ይኸው ነው። በዚህ ጊዜ ሰዓቷ አሁንም ትክክለኛውን ሰዓት ታሳያለች። እንዲሁ ከተተወች ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ትቆማለች።

የሚያደርጉት ይህ ነው። በጎኗ ያለችው ማዞሪያ ወደ ውስጥ መግባቷን ያረጋግጡ። ሰዓቷን ፊቷን ወደ ብርሃኑ አድርገው መስኮት አጠገብ ያስቀምጧት፤ የብረት ሰንሰለት ካላት ጎኗ ላይ እንዳትወድቅ ሰንሰለቱን በተጣጠፈ ጨርቅ ያስደግፉ። ከጥቂት ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ቆጣሪዋ በየሰከንዱ መሄድ ትጀምራለች። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ መሄድ ጀመረች ማለት ሞላች ማለት አይደለም። ወዲያው ወደ ቁም ሣጥን ከተመለሰች በሳምንቱ ትቆማለች። ሁለት ሦስት ቀን ሙሉ ከመስኮቱ አያንሷት። ከመጠን በላይ እንዳትሞላ የሚከላከል ዘዴ ስላላት በብርሃን ብዛት አትጎዳም፤ የሚጎዳት ሙቀት ነው።

ሙሉ በሙሉ ቆማ ከነበረ ደግሞ ብርሃን ስታገኝ ቆጣሪዋ ባልተስተካከለ አካሄድ ትዘልላለች። ትርጉሙ “ሰዓቴ ትክክል አይደለም፣ አስተካክሉኝ” ነው። ማዞሪያዋን እስከ መጨረሻው ስበው ሰዓቱን አስተካክለው ሲመልሷት መዝለሉ ያቆማል። ይህን ምልክት እንደ ብልሽት ቆጥረው ሰዓቷን የሚያስከፍቱ አሉ።

አንድ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። አንዳንዶቹ ትንንሽ የሴት ሰዓቶች ሰከንድ ቆጣሪ የላቸውም፤ ሁለት ቆጣሪ ብቻ ነው ያላቸው። እነሱ ላይ የሁለት ሰከንዱ ማስጠንቀቂያ አይታይም፤ ድንገት ቆመው ይገኛሉ። የእርስዎ እንዲህ ዓይነት ብትሆን ኖሮ ከመጀመሪያውም መስኮት ላይ እንድትውል እንመክር ነበር።

አሁን ወደ ሰዓት ሠሪው እንምጣ። ከሁሉ በላይ የምንፈራው ስህተት በሚሞላው ባትሪ ቦታ ተራ የሰዓት ባትሪ መግባቱ ነው። ተራው ባትሪ 1.55 ቮልት ስለሚሰጥ ሰዓቷ ትነሣለች፣ ሥራውም የተሳካ ይመስላል። የብርሃን ገበታው ግን እንዲሞላ ወዳልተሠራ ባትሪ ኤሌክትሪክ መላኩን ይቀጥላል። ባትሪው ያብጣል፣ ፈሳሹ ይወጣል፣ ማሽኑን ይበላዋል። ከዚያ በኋላ የሚያድናት ማሽኑን በሙሉ መቀየር ብቻ ነው።

የሚሞላው ባትሪ ራሱ የሚያረጅበት ጊዜ የለም አንልም። ኩባንያው ባደረገው ሙከራ ከ20 ዓመት በኋላም 80 በመቶ ገደማ አቅሙን እንደሚይዝ ይናገራል፤ ለረጅም ዓመታት ባዶ ሆኖ ጨለማ ውስጥ የተቀመጠ ግን ቀድሞ ይደክማል። ሦስት ቀን ሙሉ ብርሃን አግኝታ፣ ማታ ጨለማ ውስጥ ስትገባ እስከ ጠዋት የምትቆም ከሆነ ያኔ ባትሪው ይጠረጠራል። ለሰዓት ሠሪው ይህን ያሳዩት፦

ክዳኑን ከፍቶ ባትሪውን በቴስተር ይለካ። ብርሃን ጠግባ ከዋለች በኋላ ከ1 ቮልት በታች ካሳየ ደክሟል፤ ከ1.3 በላይ ከሆነ ባትሪውን ትቶ ማሽኑን ይመርምር። የሚተካው ባትሪ በማሽኑ ቁጥር የሚታዘዝ፣ እንደገና የሚሞላና መያዣ ቆርቆሮው ከፋብሪካው ተበይዶበት የሚመጣ ነው። መያዣውን ከአሮጌው ነቅሎ በአዲሱ ላይ በካውያ መበየድ አይገባም፤ ሙቀቱ ባትሪውን ያበላሻል። ሲያስገባው በፕላስቲክ ወረንጦ ይያዘው፤ በብረት ወረንጦ ሁለቱ ወገን ከተነካካ ኃይሉ ይፈስሳል። ከገባ በኋላ ደግሞ ብዙዎች የሚዘሉት አንድ እርምጃ አለ፦ በማሽኑ ላይ “ኤ ሲ” (AC) ተብሎ የተጻፈበትን ነጥብ ከባትሪው አዎንታዊ ወገን ጋር ለሁለት ሰከንድ ያህል ማገናኘት። ቺፑ እንደ አዲስ የሚነሣው በዚህ ነው። ይህ ሳይደረግ “አዲስ ባትሪም አልሠራላት” ተብላ የተመለሰች ሰዓት ጤነኛ ልትሆን ትችላለች።

ጥያቄ ከደብረ ብርሃን፦ ከተማችን ብርድ ስለሆነ ሹራብ፣ ኮትና ጋቢ እንደርባለን። ሰዓቴ ትንሽ ናት፣ ቀኑን ሙሉ እጅጌ ውስጥ ናት። እንዲህ ሆና ትሞላለች?

መልስ፦ እጅጌ ውስጥ አትሞላም፤ የሚያስፈልጋት ብርሃን ግን ከሚገምቱት ያነሰ ነው። ለአንድ ቀን ሥራ የሚበቃት፣ በማሽኑ ዓይነት ትንሽ ቢለያይም፣ በግምት እንዲህ ነው። በጥሩ ቀጥተኛ ፀሐይ (100,000 ሉክስ፤ ሉክስ የብርሃን ብዛት መለኪያ ነው) ከሁለት እስከ ሦስት ደቂቃ። ደመና በሆነ ቀን ደጅ ላይ (10,000 ሉክስ) 12 ደቂቃ ያህል። ከ30 ዋት ፍሎረሰንት በ20 ሳንቲ ሜትር ርቀት (3,000 ሉክስ) 40 ደቂቃ። በተራ የቢሮ መብራት (500 ሉክስ) ከሦስት እስከ አራት ሰዓት።

በደጅ ብርሃንና በቤት መብራት መካከል ያለው ልዩነት ለዓይናችን አይታወቀንም፤ ዓይን ራሱን ያስተካክላልና። ለሰዓቷ ግን ደመናማው የደብረ ብርሃን ሰማይ ከቢሮው መብራት ሃያ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ጠዋት ፊትዎን ሲታጠቡ ሰዓቷን መስኮት ላይ ያኑሯት፣ ማታ ሲያወልቋት መሳቢያ ውስጥ ሳይሆን ብርሃን የሚያገኝ ጠረጴዛ ላይ ያድርጓት። በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ቅዳሜ፣ ጥቂት ሰዓት ደጅ የሚታይ መስኮት ላይ ከዋለች ሳምንቱን በእጅጌ ሥር ብትውልም አትቸገርም። ሙሉ በሙሉ የሞላች ሰዓት በጨለማ ውስጥ ብዙ ወራት ትሄዳለች፤ አብዛኞቹ ሞዴሎች ስድስት ወርና ከዚያ በላይ።

የፊቷ ማነስ ብርሃን የምትቀበልበትን ቦታ ያሳንሳል፤ ነገር ግን ትንንሽ ቆጣሪዎች የሚፈጁት ኃይልም ትንሽ ነው፣ ስለዚህ ይካካሳል። መስኮት በሌለበት ቤት በኤል ኢ ዲ መብራትም ትሞላለች። ክር አምፖል ከሆነ ግን ቢያንስ 50 ሳንቲ ሜትር ያርቋት፤ ያ አምፖል ከብርሃኑ ሙቀቱ ይበዛል። ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚጠጋ ሙቀት ባትሪውንና ማሽኑን ይጎዳል። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ዳሽቦርድ፣ የምጣድ ዳር፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ለመሙያ አይሆኑም። አፋርና ጋምቤላ ያላችሁ አንባቢያን በመስኮት ላይ ከማዋል የጠዋቱን ብርሃን ምረጡ።

ጥያቄ ከአዲስ አበባ፦ ሲቲዝን የስዊስ ነው የሚል ሰው አለ፣ የአሜሪካ ነው የሚልም አለ። ስሙ እንግሊዝኛ ነው። እውነቱ የቱ ነው? በፀሐይ የሚሠራ ሰዓትስ የጀመረው እሱ ነው?

መልስ፦ የጃፓን ነው፣ የቶኪዮ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መነሻው በ1918 ካሜኪቺ ያማዛኪ የተባለ የቶኪዮ የጌጣጌጥ ነጋዴ ያቋቋመው ሾኮሻ የሚባል የሰዓት ምርምር ተቋም ነው። በዚያን ጊዜ ጃፓን ውስጥ የሚሸጠው የኪስ ሰዓት በአብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ነበር፤ ያማዛኪ የፈለገው እዚያው አገር ውስጥ ለመሥራት ነው። የመጀመሪያው የኪስ ሰዓት በ1924 ወጣ። “ሲቲዝን”፣ ዜጋ፣ የሚለውን ስም የሰጠው የቶኪዮ ከንቲባ የነበረው ሺምፔይ ጎቶ ሲሆን ሐሳቡም ሰዓት የባለጸጋ ጌጥ መሆኑ ቀርቶ የሕዝብ ሁሉ ዕቃ ይሁን የሚል ነበር። ዛሬ የምናውቀው ኩባንያ በ1930 በዚሁ ስም ተመሠረተ።

የአሜሪካ ነው የሚባልበት ምክንያት ሳይኖረው አይቀርም፦ በ1875 ኒው ዮርክ የተመሠረተውን ቡሎቫን ሲቲዝን በ2008 ገዝቶታል። በ2016 ደግሞ ፍሬደሪክ ኮንስታንት የተባለውን የስዊስ ሰዓት ሠሪ ጨመረ። ባለቤትነቱ ሰፍቷል፤ ኩባንያው ግን ጃፓናዊ ነው።

ከስሙ በፊት ሥራውን የሚያውቁ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሰዓት ሠሪዎች አሉ። ሚዮታ የሚባለው ማሽን የሲቲዝን ነው፤ በሌላ ስም በሚሸጡ እጅግ ብዙ ርካሽ የኳርትዝ ሰዓቶች ውስጥ ያለው እሱ ነው። ክዳን ሲከፈት 2035 የሚል ቁጥር ያየ ሰው የሲቲዝንን ሥራ አይቷል።

በፀሐይ ስለሚሠራው ሰዓት መልሱ ትንሽ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከሁሉ ቀድሞ በ1972 አሜሪካ ውስጥ ሲንክሮናር የተባለ፣ ቁጥሩ በቀይ መብራት የሚነበብ ዲጂታል ሰዓት ወጥቷል። ቆጣሪ ያለው፣ ክብ ፊት ያለው የብርሃን ሰዓት ግን የመጀመሪያው የሲቲዝን ነው፦ የ1976ቱ ክሪስትሮን ሶላር ሴል። ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በኋላ ነዳጇን ከሞላ ጎደል ሁሉ ከውጭ የምታስገባው ጃፓን ኃይል ቆጣቢ ነገር ሁሉ በምትፈልግበት ጊዜ ነው የተሠራው። ሐሳቡ ትልቅ ነበር፣ መልኩ ግን አልቀናም፤ የብርሃን ገበታዎቹ ጠቁረው ፊቱ ላይ በግልጽ ይታዩ ነበር። እንዲህ ያለ ፊት ለሴት ጌጥ ሰዓት አይሆንም።

ስለዚህ የሴቷን ሰዓት ታሪክ የለወጠው ከዚያ በኋላ የመጣው ሥራ ነው ብለን እናምናለን፦ ገበታውን ከፊቱ ሥር መደበቅ። ፊቱ ለዓይን ነጭ፣ ሮዝ ወይም ሰማያዊ ሆኖ እየታየ ለገበታው የሚበቃ ብርሃን እንዲያሳልፍ ማድረግ ቀላል አይደለም፤ ቀለሙ ሲወፍር ኃይሉ ያንሳል፣ ሲሳሳ ገበታው ይታያል። ኢኮ-ድራይቭ በዚህ መንገድ በ1995 ሲወጣ አንድ ጊዜ ከሞላ ስድስት ወር የሚሄድ ሊትየም አዮን ባትሪ ይዞ ነበር። የዛጎል ውስጠኛ ሽፋን ፊታቸው ላይ የተለበጠባቸው የሴት ሰዓቶች ለጌጥ ብቻ የተሠሩ ይመስላሉ፤ ያ ሽፋን በተፈጥሮው ብርሃን ስለሚያሳልፍ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው።

ለቅርሱ ሌላም የሚቆጠር አለ፦ በ1956 ፓራሾክ የተባለው ሲወድቅ የማይሰበር ሰዓት፣ በ1959 ፓራዎተር የተባለው ውኃ የማያስገባ፣ በ1970 በዓለም የመጀመሪያው የታይታኒየም ሰዓት። ታይታኒየሙ ለእኛ ሴት አንባቢያን ዛሬም ይጠቅማል፤ ቀላል ነው፣ ብረት ሲነካው ቆዳው የሚያሳክከውን ሰውም አያስቸግርም።

ጥያቄ ከጅዳ፦ ሰዓቴን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ማድረግ እፈልጋለሁ፣ ሰዓቱንም ቀኑንም። ቀኗ ግን እኩለ ቀን ላይ ትቀየርብኛለች። ጓደኛዬ ደግሞ በሬዲዮ ራሷን የምታስተካክል ኢኮ-ድራይቭ አላት፣ ምንም ምልክት አትቀበልም። ተበላሽታ ይሆን?

መልስ፦ ከእርስዎ እንጀምር። ሰዓቷ ጠዋትና ማታን በውስጧ ታውቃለች፤ ቀን የምትቀይረው በሁለተኛው ዙር 12 ላይ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀኑ ንጋት 12 ሰዓት ላይ እንዲቀየር ማዞሪያዋን እስከ መጨረሻው ስበው ቆጣሪዎቹን ወደ ፊት ብቻ እያዞሩ የቀኗን መስኮት ይመልከቱ። ቀኑ ሲቀየር ቆጣሪዎቹ 12 አካባቢ ናቸው፤ ያ የእርስዎ ንጋት 12 ነው። የሚያስተካክሉት ቀን ላይ ከሆነ ወደ ፊት ቀጥለው በትክክለኛው ሰዓት ላይ ያቁሙ። ማታ ወይም ሌሊት ከሆነ 12ን አንድ ጊዜ አሳልፈው በሁለተኛው ዙር ያቁሙ። ያለፈው ጊዜ ይህን ሳይለዩ አስተካክለውት መሆን አለበት፤ ሆኖም እኩለ ቀን ላይ የምትቀየር ከሆነ ሰዓቷ አሁንም በፈረንጁ አቆጣጠር ላይ፣ ጠዋትና ማታው ተገልብጦ ነው ያለው።

ቀኑን ለብቻው ለማስተካከል ማዞሪያዋ በመካከለኛው ቦታ ላይ ትሆናለች። ቆጣሪዋ ከ9 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለበት፣ ማለትም ቀን ለመቀየር ጥርሶቹ በተያያዙበት ጊዜ፣ ይህን አያድርጉ፤ በእርስዎ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 እስከ ጠዋቱ 1 ማለት ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር የሚያስሯት ደግሞ ከምሽቱ 3 እስከ ሌሊቱ 7 ይጠንቀቁ።

የኢትዮጵያ ወር 30 ቀን ስለሆነ ሰዓቷ 31 ባሳየች ቁጥር አንድ ጊዜ ወደ 1 ትገፏታለች፤ ይህ በዓመት 12 ጊዜ ነው። ጳጉሜን ሲያልቅ ደግሞ መስከረም 1 ቀን ሰዓቷ 6 ታሳያለች፣ 26 ጊዜ መግፋት ያስፈልጋል። ጳጉሜን 6 በሆነበት ዓመት፣ እንደ 2015 እና 2019፣ 7 ታሳያለች፤ ያኔ 25 ጊዜ። በፈረንጁ አቆጣጠር ቢሆን ማስተካከል የሚያስፈልገው በዓመት አምስት ጊዜ ብቻ ነው። ይህ ሥራ ከበዛብዎት ሰዓቱን ብቻ በእኛ አድርገው ቀኑን በፈረንጁ ይተዉት።

የጓደኛዎ ሰዓት አልተበላሸችም። ምልክቱን የምትቀበለው በጃፓን፣ በቻይና፣ በአሜሪካና በጀርመን ካሉ ጣቢያዎች ነው። የጀርመኑ ምልክት የሚደርሰው ወደ 2,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጅዳም አዲስ አበባም ከዚያ እጅግ ይርቃሉ። ምልክት ሳታገኝም በወር ከ15 ሰከንድ በላይ አትስትም። በከተማ ዝርዝሯ ሪያድን ከመረጠች የሳዑዲም የኢትዮጵያም ሰዓት አንድ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ማንበብ ከፈለገች ደግሞ ሪዮ ዴ ጄኔሮን ትምረጥ፤ ከእኛ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ ቆጣሪዎቹ ልክ የእኛን ሰዓት ያሳያሉ። በበጋ ወራት ሰዓቱን አንድ ሰዓት ወደ ፊት የሚገፋውን የበጋ ሰዓት የሚባል ማስተካከያ ግን መዝጋት አለባት። ቀን መቁጠሪያዋ ራሱን የሚያስተካክል ከሆነ በፈረንጁ ይቆይ፤ 30 ቀን እና ጳጉሜን አያውቅም።

አጫጭር ጥያቄዎች

*ከባሕር ዳር፦ “5 ባር” ይላል፣ ልብስ ሳጥብ ላድርጋት?* ይህ ቁጥር ውኃ የመቋቋም መጠኗ ነው፤ ለቀዝቃዛ ውኃ ትችላለች፣ ማዞሪያዋ ወደ ውስጥ ገብታ እስከሆነ ድረስ። ሙቅ ውኃና ሳሙና ግን ውኃ እንዳይገባ የሚከላከለውን የጎማ ቀለበቷን (ጎሚኒዋን) ያደርቃሉ፤ ፀጉር ቤት የምትሠሩ ደግሞ ቀለምና ኬሚካል ስትነኩ አውልቋት። መስታወቷ ከውስጥ ጭጋግ ከያዘና በአንድ ቀን ካልጠፋ ውኃ ገብቷል፤ ሳትዘገዩ ይከፈት። ጎሚኒው በየሁለት ሦስት ዓመቱ ቢቀየር ጥሩ ነው።

*ከጎንደር፦ ሰንሰለቷ ሰፋኝ።* በሰንሰለቱ ውስጠኛ ወገን ትንንሽ ቀስቶች አሉ። ፒኑ የሚወጣው ቀስቱ በሚያመለክተው አቅጣጫ ተገፍቶ ነው፣ ሲመለስ ደግሞ በተቃራኒው። ከመቆለፊያው ግራና ቀኝ በቁጥር እኩል የሆኑ ቁራጮች ያስወጡ፤ በአንድ ወገን ብቻ ከወጣ መቆለፊያው ከእጅ አንጓ መሐል ይንሸራተታል። የወጡትን ቁራጮች ከነፒናቸው አስቀምጧቸው።

*ከአዳማ፦ ያገለገለች ልገዛ ነው፣ ዕድሜዋን በምን አውቃለሁ?* ጀርባዋ ላይ ካሉት ቁጥሮች መለያ ቁጥሩን ያንብቡ። የመጀመሪያው አኃዝ የዓመቱ የመጨረሻ አኃዝ ነው፣ ቀጣዮቹ ሁለቱ ወሩ፤ 4 እና 09 ካሉ በ4 በሚያልቅ ዓመት በመስከረም የተሠራች ናት፣ በፈረንጁ ማለት ነው። የትኛው አሥርት ዓመት እንደሆነ ግን ቁጥሩ አይነግርም፤ በሞዴሏ ይለዩታል። ከመክፈልዎ በፊት ሻጩ ለአንድ ሌሊት ሣጥን ውስጥ ጨለማ ላይ ያሳድርልዎት። ጠዋት በየሰከንዱ የምትሄድ ከሆነ ባትሪዋ ጤነኛ ነው፤ ሁለት ሁለት ሰከንድ የምትዘል ከሆነ ብርሃን አጥታ ይሁን ባትሪዋ ደክሞ ለመለየት አንድ ቀን ፀሐይ አይታ እንደገና ትደር።